ሁለተኛ ድመት ላምጣ ወይስ በሻሼ ብቻ ልርጋ?

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ቤታችን ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን እናቴ፣ ባለቤቴና እኔ ሻሼ ከምንላት ሴት ድመት ጋር እንኖራለን። ሻሼ አራት ዓመቷ ነው፤ አናቷ ነጭ ስለሆነ ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። ሐይቅ ያለችው አክስቴ ድመቷ ወልዳላት ከግልገሎቹ አንዱን ወንድ ለእኔ አስቀርታ መልሴን እየጠበቀች ነው።

እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ ስለምንገባ ሻሼ የምትውለው ከእናቴ ጋር ነው፤ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለቅሶ ስትሄድ ደግሞ ብቻዋን ትሆናለች። በዚህ ላይ ከኅዳር ወዲህ አዲስ እህል ሲገባ የጓዳችን አይጥ ይበረታል። ባለቤቴ «ጓደኛ ታገኛለች፣ አይጡም ይቀንሳል» ስትል፣ እናቴ በበኩሏ «ለአንድ ቤት አንድ ድመት ይበቃል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ትላለች። ሻሼን በሰይጣን መመሰሏ ባይጥመኝም ሐሳቧን ችላ ልለው አልቻልኩም።

ያስጨነቀኝ ሻሼ እንግዳውን እንዴት ትቀበለዋለች የሚለው ነው። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት መሆናቸውስ ወደፊት ምን ያስከትላል? ሌላም ጉዳይ አለ፤ ቤታችን ጿሚ በመሆኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋም ወተትም አይገባበትም። በዚያ ወቅት ሻሼን የሚያጎርሷት ጎረቤታችን የሐጂ ቤተሰቦች ናቸውና ሁለተኛ አፍ ጨምሬ እነርሱን ማስቸገር ይከብደኛል። ምክራችሁን ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ወልድያ ማዶ

ወንድሜ፣ አይጥንና ብቸኝነትን አንድ ላይ ባያዩአቸው መልካም ነው። ነገሩ የአይጥ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ድመት አያስፈልግዎትም። ድመት የምታድነው ብቻዋን ነው፤ ሁለት ስለሆኑ ተጋግዘው አይጥ አይከቡም፤ ደሴን በመሰለ ብርድማ ከተማ ደግሞ ሁለቱም ምድጃው ዳር ተኝተው የሚያድሩበት ሌሊት ብዙ ነው። በእኛ ቤት አይጡን የቀነሰው ድመት መጨመራችን ሳይሆን ጆንያዎቹን ከግድግዳው አርቀን ርብራብ ላይ ማስቀመጣችን፣ የበሩን ሥር በቆርቆሮ መምታታችንና የግድግዳውን ቀዳዳ በሲሚንቶ መድፈናችን ነው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ እንደምታልፍ አይዘንጉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያጣሩ፤ ጎረቤቶችዎ የአይጥ መርዝ ይጠቀማሉ ወይ? የተመረዘች አይጥ እግሯ ስለሚከብድ ድመት በቅድሚያ የምትይዘው እርሷን ነው። ይህን ሳያውቁ ሌላ ነፍስ ወደዚያ ግቢ ማስገባት አይገባም።

እናት ከሆጤ

ልጄ፣ ወልድያ ማዶ ስለ አይጡ የጻፈው ልክ ነው። የብቸኝነቱን ጥያቄ ግን የምትመልስልህ ራሷ ሻሼ ናት። ድመት እንደ በግ በመንጋ ካልሆነች የምትጨነቅ ፍጥረት አይደለችም። እናትና ልጅ፣ እህትና እህት ምግብ ባለበት ግቢ አብረው ይኖራሉ፣ አንዳቸው የሌላዋን ልጅ ሲያጠቡም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባዕድ ድመት በደጃቸው ሲያልፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኝታ መዋሏን አይተህ አዝነህ ከሆነ ደግሞ እርሱ ተፈጥሮዋ ነው፤ ድመት የቀኑንና የሌሊቱን ከግማሽ በላይ በእንቅልፍ ታሳልፋለች።

ስለዚህ እስቲ ንገረኝ፤ የሌላ ሰው ድመት አጥራችሁ ላይ ሲወጣ ሻሼ ምን ታደርጋለች? መልስህን እጠብቃለሁ፤ ከእርሱ በፊት አምጣም አታምጣም አልልህም።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

እትዬ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ሰሞኑን ልብ ብዬ ስከታተላት ሰነበትኩ። ከላይ ሰፈር አንድ ግራጫ ወንድ ድመት በማድቤታችን ቆርቆሮ ላይ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሻሼ መስኮቱ ላይ እንዳለች ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ታስተኛለች፤ ሰውነቷ ሳይንቀሳቀስ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ግራና ቀኝ ይመታል፤ ከጉሮሮዋም ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ ድምፅ ይወጣል። እርሱ ሲሄድ ወጥታ የረገጠበትን ሁሉ ታሸታለች፣ ከዚያም የበሩን መቃን በጉንጯ ደጋግማ ታሻሻለች። የሐጂ ቤት ትንሿ ድመት ስትመጣ ግን እንዲህ አትሆንም፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክተው ሻሼ ጥቂት ቆይታ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። አብረው ሲጫወቱ ግን አይቼ አላውቅም።

እናት ከሆጤ

ይህ ደግ ምልክት ነው። ጀርባዋን ሰጥታ የሄደች ድመት «ጠብ አልፈልግም፣ ወዳጅነትም አልለምንም» እያለች ነው። የጎለመሰ ወንድ ብታመጣባት እምቢ ትላለች፤ ግልገል ግን ትታገሥ ይሆናል። ባለቤትህ «ጓደኛ ታገኛለች» የምትለውን ተስፋዋን ትንሽ ዝቅ ታድርገው። ሁለት ድመቶች ተቃቅፈው ባይተኙም ሳይጣሉ በአንድ ቤት ከኖሩ ብዙ ነው፤ እኔ ባሳደግኋቸው ድመቶች ካየሁት አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጉርብትና ነው።

የእንስሳት ሐኪም (ኮምቦልቻ)

እስካሁን ያልተነሣውን ጥያቄ ላንሣ፤ ሻሼ መክናለች ወይ? ካልመከነች እየተወያየን ያለነው ስለ ሁለተኛ ድመት ሳይሆን ስለ ሰባተኛው ነው። ሴት ድመት ከአራት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፤ እንቁላሏ የሚወርደው በግንኙነቱ ምክንያት ስለሆነ ከወንድ ጋር ከተገናኘች የመፀነስ ዕድሏ ከፍተኛ ነው፤ እርግዝናው ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ የሚፈጅ ሲሆን በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ግልገል ትወልዳለች። በቀዝቃዛው ዓለም ቀኑ ሲያጥር የድመት የመራቢያ ወቅት ይቋረጣል፤ በእኛ አገር ግን የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ያ ዕረፍት አይኖራትም። ወንዱ ደግሞ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው ሽንቱን በየግድግዳው መርጨትና ሌሊት በየጣሪያው መደባደብ ይጀምራል። በንክሻ የሚተላለፍ፣ የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚያዳክም የድመቶች ቫይረስ ስላለ ድብድቡ በቁስል ብቻ አያበቃም። ስለዚህ ሻሼ አስቀድማ፣ እርሱ ደግሞ ከስድስት ወሩ በፊት ይምከኑ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናውን ማን እንደሚሠራ ከዚያ ጠይቆ መነሣት ይቻላል።

ግልገሉ ከእናቱ የሚለይበት ጊዜም ያሳስበኛል። በአገራችን ልማድ ግልገል ምግብ መላስ ሲጀምር ይሰጣል፤ ይህ ለእርሱም ለሻሼም ጉዳት ነው። ከ8 ሳምንት በፊት ፈጽሞ አይወሰድ፤ 12 ሳምንት ቢሞላው ደግሞ የተሻለ ነው። ጥፍርን መሰብሰብን፣ ሲጫወቱ አለመናከስን፣ ትልቅ ድመት ስትቆጣ ገለል ማለትን የሚያስተምሩት እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። ይህን ሳይማር የመጣ ግልገል ሻሼ ስታስጠነቅቀው አይገባውም፤ እርሷም ቁጣዋን ከፍ ታደርጋለች።

የ12 ሳምንት ዕድሜ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም የሚስማማ ጊዜ ነው፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል። በሽታው በአገራችን በዋነኛነት ከውሻ የሚመጣ ቢሆንም ድመትም ይዛ ታስተላልፋለችና ሻሼም ካልተከተበች ትከተብ። ያልታወቀ ድመት ወይም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት ውስጥ በግቢያችሁ ግልገሎች በተቅማጥና በትውከት በድንገት አልቀው ከነበረ ደግሞ ሳይነግሩኝ አዲስ ግልገል አያምጡ፤ የዚያ በሽታ ቫይረስ በወለልና በዕቃ ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚገድለው በረኪና እንጂ ተራ ሳሙና አይደለም።

ሲመጣ ለሁለት ሳምንት ያህል በተለየ ክፍል ይቆይ። በሽታ ካለበት ያኔ ይታያል፤ ሻሼም ሽታውን ከመልኩ በፊት ትለምዳለች፤ ለድመት ደግሞ ዋናው መታወቂያ ሽታ ነው። እርሱ የተኛበትን ጨርቅ እርሷ ከምትበላበት አጠገብ ያድርጉ፤ የእርሷንም ወደ እርሱ ያስገቡ። ምግባቸውን በተዘጋው በር በወዲህና በወዲያ ያስቀምጡ። በበሩ ሥር እጇን ሰድዳ ስትነካካና እርሱ መልሶ ሲነካካ፣ ጆሮዋም ወደ ፊት ቆሞ ሲያዩ በሩን በጥቂቱ መክፈት ይቻላል። ማጉረምረሟና «ህስ» ማለቷ አያስደንግጥዎት፤ ይህ ንግግሯ ነው፣ አይቆጧት። የሚያሳስበው ምግብ ካቆመች፣ ተደብቃ ካልወጣች ወይም ከለመደችበት ውጭ መሽናት ከጀመረች ነው።

ላስታዊት

የሐኪሙን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን «በተለየ ክፍል ይቆይ» የሚለው ክፍል ላለው ሰው ነው። አብዛኞቻችን በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የምንኖር ነን። ላሊበላ ሳለሁ ሁለተኛዋን ድመቴን ያስቀመጥኋት ከቤት ተነጥሎ በተሠራው ማድቤት ውስጥ ነበር፤ ጭስ በማይኖርበት ሰዓት ብቻ እየገባሁ እቀመጥላት ነበር። መጸዳጃዋ ከእንጨት ቤት በነጻ የወሰድኩት ሰጋቱራ የተነጠፈበት ሰፊ ሳፋ ነው። የተዋወቁትም በበሩ ፋንታ በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ መስኮት ነው። ሆኖም ፊተኛዋ ድመቴ በቅጡ የለመደቻት ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ሁለት ሳምንት የሚለው ሰውን ተስፋ አስቆርጦ ግልገሉን እንዳያስመልስ እፈራለሁ።

የእንስሳት ሐኪም (ኮምቦልቻ)

ላስታዊት፣ ትክክል ነዎት፤ ሁለቱ ሳምንታት ለበሽታው መቆያ ናቸው እንጂ ለመላመዱ የተቆረጠ ቀጠሮ አይደሉም። የወንፊት ሽቦው ዘዴም ከእኔው በር ይበልጣል፤ ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ አይቧጨሩም። የምጨምረው ቢኖር የዕቃውን ነገር ነው፤ የምግብ ሳሕኑ፣ ውሃው፣ መጸዳጃውና የሚሞቀው መኝታ ለየብቻና በተራራቀ ቦታ ይሁን። ውጭ ለማይወጡ ድመቶች መጸዳጃው ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ቢበልጥ ይመከራል። በብርዳማ ከተማ ደግሞ ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ሞቃቱ ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን ነው።

ፒያሳ ደሴ

ለእንግድነቴ ይቅርታ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ባለችበት ቤት ድመት መጨመር አይፈቀድም የሚባለው እውነት ነው?

የእንስሳት ሐኪም (ኮምቦልቻ)

ድመቱን ማስወጣት አያስፈልግም። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ነው፤ ድመት የምታስወጣው ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ የወጣውም ቢያንስ አንድ ቀን ካልቆየ ሰውን አይዝም። ስለዚህ መጸዳጃው በየቀኑ ይጽዳ፣ የሚያጸዳውም ሌላ ሰው ይሁን። ያልበሰለ ሥጋም የታወቀ መተላለፊያ መንገድ ስለሆነ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እየበሉ ድመቷን ብቻ ማባረር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደረሳ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ለክርስቲያን ወንድሞቼም ሰላም እላለሁ። ቧንቧ ውሃ፣ አብሽር! ስለ ጎረቤትህ ብዙ አትጨነቅ። በሐዲስ ድመት ነጃሳ አይደለችም፣ በመካከላችን ከሚዘዋወሩት ናት ተብሏል፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ ላለው ፍጥረት በሚደረግ በጎነትም አጅር አለ። ሐጂ ለሻሼ የሚያጎርሷት ለአንተ ውለታ ብለው ብቻ አይመስለኝም። ቢሆንም ሄደህ አማክራቸው፤ ሳይጠየቁ ከሚጨመርባቸው ተጠይቀው ቢፈቅዱ ደስ ይላቸዋል።

ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷም አድና እንድትበላ ሳትለቃት የቀረችው ሴት ስለ ገጠማት ቅጣት የሚናገረውን ሐዲስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ እኔ የምጠይቅህ ማምጣት ትችላለህ ወይ ብዬ አይደለም፤ በክፉ ቀንም ትይዘዋለህ ወይ ብዬ ነው። ማምከንን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ጉዳትን ለመከላከል ከሆነ የሚፈቅዱ አሉ። ሙስሊም የሆነ አንባቢ የአካባቢውን ሸኽ ይጠይቅ።

ወልድያ ማዶ

ስለ ምግቡ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ድመቱ በጾም ሽሮና እንጀራ ቢበላ ምን ይሆናል? እኛ ዘንድ ሁሉም የሚኖረው በዚሁ ነው።

የእንስሳት ሐኪም (ኮምቦልቻ)

የሚኖረው በሽሮው ሳይሆን ከውጭ በሚያድነው ነው። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰሉት ማግኘት አለባት፤ እጥረቱ ዓይንንና ልብን ይጎዳል። ወጡ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ከድስት የተረፈ ወጥ በየቀኑ ማቅረብ በዝግታ መጉዳት ነው። ወተትም ቢሆን ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል።

ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ፣ ልብና ጣፊያ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅሎ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይቻላል፤ እንቁላልም እንዲሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ አክስትዎ ሐይቅ ስላሉ የዓሣ ራስና ትርፍራፊ ማግኘቱ አይቸግርዎትም፤ ቀቅለውና እሾሁን አውጥተው ይስጡ እንጂ በዓሣ ብቻ አያኑሯቸው።

ስለ መድኃኒት ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት ለቁንጫ ብላችሁ ድመት ላይ አትቀቡ፤ ፐርሜትሪን ያለባቸው ድመትን ያንቀጠቅጣሉ፣ ይገድላሉም። ፓራሲታሞልም አንዲት ፍሬ ብቻ ለድመት መርዝ ናት። አዘነላት የሚባል ሰው በዚህ መንገድ ስንቷን ድመት እንደጨረሰ ቢቆጠር ያስደነግጣል።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የተጻፈውን ሁሉ ለእናቴና ለባለቤቴ አነበብኩላቸው። ሻሼ አልመከነችም፤ ከዚህ በፊት ወልዳ ግልገሎቿን ለዘመድ አከፋፍለናል፤ ስለዚህ «ሰባተኛው ድመት» ሲባል እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ሐጂንም ጠየቅኋቸው። «ለሻሼ የሚተርፍ ለሌላም ይተርፋል፤ ግን ሌሊት የሚያለቅስ ወንድ አታምጡብን» አሉኝ። የአይጥ መርዙንም አጣራሁ፤ ከታች ያለው መጋዘን ይጠቀም እንደነበር ተረዳሁና ጠባቂውን አነጋግሬ የሞቱ አይጦችን እየሰበሰበ እንዲቀብር ተስማማን፤ መርዙን ግን አልተወም። ይህ አሁንም ያሳስበኛል።

የወሰንነው እንዲህ ነው። ጓዳውን ወልድያ ማዶ እንዳሉት እናስተካክላለን፤ ድመት ስለ አይጥ ብለን አንጨምርም። ሻሼን አስቀድመን እናስመክናለን። አክስቴ ግልገሉን 12 ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር እንድታቆየው ለምኛታለሁ፤ እርሷም «እስከዚያ ሰው ቢጠይቀኝስ?» ብላ አጉረመረመች እንጂ እምቢ አላለችም። ሻሼ ከቀዶ ሕክምናው በደንብ አገግማ እንደ ቀድሞዋ ከሆነች እርሱን እናመጣለን፤ ካልሆነች ግን ይቀራል። እናቴ የተስማማችው «ካልተስማሙ ወደ ሐይቅ ይመለሳል» በሚል ነው፤ አክስቴም ይህን አውቃ ተቀብላዋለች።

እናት ከሆጤ

መልካም አድርገሃል ልጄ። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ አክስትህ ወንዱን ለአንተ ብትለየውም ሄደህ ግልገሎቹን ሁሉ ሲበሉና ሲጫወቱ እያቸው። ሳሕኑ ላይ ሌሎቹን ገፍትሮ የሚቆመውን አትውሰድ፤ ጥግ ላይ ተሸጉጦ የሚንቀጠቀጠውንም አትውሰድ። በሌላው ሲገፋ ዞር ብሎ በሌላ በኩል የሚበላውን ፈልግ፤ ሻሼን የመሰለች ባለቤት ያለችበት ቤት የሚሆነው እርሱ ነው። ያ ሴት ሆና ብትገኝም ማምከኑ ካልቀረ አትለፋት።

የእንስሳት ሐኪም (ኮምቦልቻ)

በዚህ እስማማለሁ። ለቀዶ ሕክምናው ቀን ሻሼን በዘንቢል አታምጧት፤ በባጃጅ ድምፅ ደንግጣ ዘልላ ትጠፋለች። ክዳኑ የሚታሰር፣ መተንፈሻ የተበሳለት ካርቶን ውስጥ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፋችሁ አስገቧት። ምግብ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምታቆም የሚያክማትን ባለሙያ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስትመለስም ስፌቱን እንዳትልሰው ተጠንቅቃችሁ እስክትነቃ ድረስ ከምድጃው አርቃችሁ ሞቅ ባለ ክፍል አስተኟት። የግልገሉን ክትባት በተመለከተ ወደ ደሴ ከመምጣቱ በፊት ሐይቅ ላይ የሚሰጥ ባለሙያ መኖሩን አክስትዎ ይጠይቁ፤ ከሌለ በመጣ ማግስት እናደርገዋለን።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ካርቶኑ ተገኝቷል፤ ለጊዜው ሻሼ ውስጡ ገብታ ስለተኛችበት በሳምንቱ መጨረሻ መተንፈሻውን እበሳዋለሁ። ሐይቅ ክትባት የሚሰጥ መኖሩን አክስቴ ሰኞ ጠይቃ ትነግረኛለች፤ ምላሹን እዚሁ እጽፋለሁ።